ለአኳሪየም የትኛው ፈርን ይሻላል? ጃቫ ፈርን፣ ቦልቢቲስ፣ ሴራቶፕቴሪስና ሌሎቹ ሲነጻጸሩ

በአኳሪየም ዕቃ መሸጫ መደርደሪያ ላይ አምስት ዓይነት ተክል ተደርድሮ አምስቱም «ፈርን» (አበባ የማያወጣ ቅጠላም ተክል) ሲባሉ፣ አምስቱም ላይ «ለጀማሪ የሚሆን» የሚል ወረቀት ሲለጠፍ፣ ገዢ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ከአምስቱ አንዱ ሥረ ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ሌላው አፈር ካላገኘ አይስፋፋም። ሦስተኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የውሃውን ፊት ሸፍኖ ለቀሩት ብርሃን ይነሳል። አራተኛው በቂ የውሃ እንቅስቃሴ ካላገኘ ለወራት ባለበት ይቆማል። አምስተኛው ደግሞ ከነጭራሹ የውሃ ተክል አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው «ቀላል» ከሚለው ቃል ነው። ለአኳሪየም ተክል ቀላል መባል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው፣ ቸል ቢሉት የሚታገስ፣ ብርሃን ቢያንሰው የማያኮርፍ፣ ሁለት ሳምንት ከቤት ቢርቁም እንደነበረ የሚጠብቅ ተክል ነው። ሁለተኛው፣ በራሱ ጊዜ ፈጥኖ የሚያድግና ለመሞት እንኳን ጊዜ የሌለው የሚመስል ተክል ነው። የመጀመሪያው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው መቀስ ይጠይቃል። የሚመርጡትን ፈርን የሚወስነው ከሁለቱ የትኛውን ያለ ቅሬታ መስጠት እንደሚችሉ ነው።

በምን በምን እንመዝን?

ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት ተክሉ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ጃቫ ፈርንና ቦልቢቲስ ራይዞም የሚባል አግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አላቸው። ቅጠሎቹ ከላዩ ይወጣሉ፤ ከታቹ ደግሞ ጥቁር ፀጉር የሚመስሉ ክሮች ወጥተው ድንጋይና እንጨት ይጨብጣሉ። ይህ ግንድ ጠጠር ውስጥ ሲቀበር ይታፈንና ይበሰብሳል። ማርሲሊያ የተባለው ፈርንም አግድም የሚሳብ ግንድ አለው፤ የእሱ ግን አፈር ውስጥ ገብቶ መስፋፋትን ይወዳል። ሴራቶፕቴሪስ ቢተክሉትም ቢያንሳፍፉትም ይኖራል። ሳልቪኒያና አዞላ ተንሳፋፊ ብቻ ናቸው።

ይህንን ቀድሜ ያነሳሁት በራሴ ስለደረሰ ነው። የመጀመሪያውን ጃቫ ፈርን ስገዛ ሻጩ «ጠጠሩ ውስጥ ጠበቅ አድርገህ ቅበረው» አለኝ፤ እኔም ቀበርሁት። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሎቹ ከመነሻቸው እየለቀቁ መንሳፈፍ ጀመሩ። ጠጠሩን ገልጬ ራይዞሙን በጣቴ ጫን ስለው ቡናማ ሆኖ ተጨፈለቀ፤ የበሰበሰ ሽንኩርት ሽታ ነበረው። ከጠጠሩ በላይ የቀረች የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጫፍ ግን አረንጓዴና ጠንካራ ነበረች። ቆርጬ በጥጥ ክር ከድንጋይ ጋር አሰርኋት። ዛሬ ገንዳዬ ውስጥ ያሉት ጃቫ ፈርኖች በሙሉ ከዚያች ጫፍ የተባዙ ናቸው።

ሁለተኛው መስፈርት የእድገት ፍጥነት ነው። ፈጣን ተክል ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣውን አሞኒያና ናይትሬት እየመጠጠ ውሃውን ያጸዳል፤ ለአልጌ፣ ማለትም ቅጠልና ድንጋይ ላይ ለሚለጠፈው ዋቅላሚ፣ የሚተርፈውን ምግብም ይቀንሳል። በአንጻሩ በየሳምንቱ መከርከም አለበት። ዘገምተኛው ተክል ቅርጹን ጠብቆ ለወራት ይኖራል፤ ነገር ግን አንድ ቅጠሉ ረጅም ዕድሜ ስለሚቆይ አልጌ ለመያዝ የተመቸ ነው።

ከዚያ ብርሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመጣሉ። ብዙዎቹ የአኳሪየም ፈርኖች መካከለኛ ወይም ደካማ ብርሃን ይበቃቸዋል፤ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት መብራት በቂ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመሣሪያ መጨመር ለየትኛውም ግዴታ አይደለም፤ ልዩነቱ በጉልህ የሚታየው በቦልቢቲስ ላይ ነው።

ሌሎቹን መስፈርቶች በአጭሩ ልለፋቸው። የውሃው ሙቀት፣ ፒኤች ማለትም የአሲዳማነቱ መለኪያ፣ እንቅስቃሴው፣ የዓሣዎቹ ጠባይ (በተለይ ቅጠል ይበላሉ ወይስ አይበሉም)፣ ተክሉ ካደገ በኋላ የሚኖረው ቁመት፣ በመጨረሻም ዋጋው። ዋጋን ስንመዝን የመግዣውን ብቻ አንመልከት። አንድ ተክል በዓመቱ አሥር ከሆነ ውድ አይደለም፤ በወሩ ከሞተ ደግሞ ርካሽ አልነበረም።

ጃቫ ፈርን

የሳይንስ ስሙ ለረጅም ጊዜ ማይክሮሶረም ፕቴሮፐስ ነበር፤ አሁን ብዙዎቹ የዕፅዋት ሊቃውንት ሌፕቶኪለስ ፕቴሮፐስ ይሉታል። ሻጮች ሁለቱንም ስም ስለሚጠቀሙ የተለያዩ ተክሎች መስለውዎት ሁለት ጊዜ እንዳይገዙ። የትውልድ ቦታው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። በጅረት ዳር ድንጋይና የዛፍ ግንድ ላይ ተጣብቆ ያድጋል፤ ውሃ ሲሞላ ይሰጥማል፣ ሲጎድል አየር ላይ ይቀራል። የጽናቱ ምንጭ ይኸው ነው። ውሃ እየመጣ እየሄደ የሚኖር ተክል ለትንሽ ለውጥ አይደነግጥም።

ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውሃ ይመቸዋል። ፒኤቹ ከ6 እስከ 7.5 ቢሆን መልካም ነው፤ ከዚያ ትንሽ ቢወጣም አይሞትም። ለስላሳም ሆነ ማዕድን የበዛበት ውሃ፣ በመጠኑ ጨዋማ የሆነውን ጭምር ይችላል። ቁመቱ እንደ ዓይነቱ ከ15 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ቅጠሉ ጠንካራ፣ ጣዕሙም ለዓሣ የማይስማማ ስለሆነ ይመስላል፣ ሌላውን ተክል በሙሉ የሚግጡት ጎልድፊሽና ሲክሊዶች እንኳን ብዙውን ጊዜ ይተውታል።

ድንጋይ ላይ ለማጣበቅ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው በጥጥ ክር ማሰር ነው፤ ክሩ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፣ እስከዚያ ግን ተክሉ በራሱ ክሮች ድንጋዩን ይጨብጣል። ሁለተኛው ሳይኖአክሪሌት የተባለው ፈጣን ማጣበቂያ ነው። ወፈር ያለውን የጄል ዓይነት ይምረጡ፤ ቀጭኑ ፈሳሽ ስለሚፈስ ቅጠል ያበላሻል። ድንጋዩን በጨርቅ ያድርቁ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ያድርጉ፣ ራይዞሙን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ጫን ብለው ይያዙ፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ይክተቱ። ማጣበቂያው ውሃ ሲነካው ነጭ ሆኖ ይታያል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአልጌና በክሮቹ ይሸፈናል።

አሁን ሰዎችን በከንቱ የሚያስደነግጠውን ነገር ልንገርዎት። ያደገ የጃቫ ፈርን ቅጠል ገልብጠው ሲያዩ በቡናማ ነጠብጣብ ረድፍ ተሞልቶ ያገኙታል። በሽታ ነው ብሎ ቅጠሉን ቆርጦ የሚጥል ብዙ ነው። እነዚያ ነጠብጣቦች የስፖር፣ ማለትም ፈርን የሚራባበት ብናኝ፣ ከረጢቶች ናቸው፤ ጤና እንጂ ሕመም አይደሉም። ትንሽ ቆይቶ በአሮጌው ቅጠል ጫፍ ወይም ጠርዝ ላይ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ ትላለች፤ ከሥሯ ጥቁር ክሮች ይንጠለጠላሉ። ይህች ሙሉ ልጅ ተክል ናት። አዲስ የሚወጣ ቅጠል ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን መሆኑም፣ በቅጠሉ ላይ ጠቆር ያሉ የደም ሥር መሰል መስመሮች መታየታቸውም የተለመደ ነው።

እውነተኛ የችግር ምልክቶች ሌላ መልክ አላቸው። በአሮጌ ቅጠሎች ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና እየሰፉ የሚሄዱ ጥቁር ቁስሎች ሲታዩ ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም አንሷል ማለት ነው፤ ፖታሲየም ያለበት ፈሳሽ ማዳበሪያ በመጠኑ መጨመር ይረዳል። ቅጠሎች በአጠቃላይ ገርጥተው ከአሮጌው ጀምሮ ቢጫ ከሆኑ ናይትሮጅን ጎድሏል፤ ይህ ጥቂት ዓሣ ባለበት ንጹሕ ገንዳ የሚከሰት ነው። ቅጠሎች በጥቁር ጺም መሰል አልጌ ከተሸፈኑ ብርሃኑ በዝቷል ወይም ውሃው በቂ እንቅስቃሴ የለውም። ከአዲስ ቦታ እንደመጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ቅጠሎች ቢጠቁሩ ግን አይደናገጡ። ብዙ አምራቾች ተክሉን የሚያሳድጉት ከውሃ ውጭ በእርጥብ አየር ነው፤ የአየር ቅጠሎቹ ሲረግፉ የውሃ ቅጠሎቹ ይተካሉ። ራይዞሙ ጠንካራና አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ተክሉ በሕይወት አለ።

ጃቫ ፈርን በራሱ ብዙ መልክ አለው፤ እነዚህንም መለየት ይጠቅማል። ተራው ዓይነት ሰፋ ያለ ሞላላ ቅጠል ያለው፣ ከሁሉም ርካሽና ከሁሉም ጠንካራ ነው። ጠባብ ቅጠል የሚባለው፣ ሻጮች ናሮው የሚሉት፣ ቀጠን ያለ ረጅም ቅጠል ስላለው ከኋላ ሲቀመጥ ሣር የበዛበት ኮረብታ ይመስላል። ትራይደንት ቅጠሉ እንደ ሹካ የተከፋፈለ፣ አጠር ያለና ጥቅጥቅ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ ለትናንሽ ገንዳዎች ተመራጭ ነው። ዊንዴሎቭ የቅጠሉ ጫፍ ተበጣጥሶ እንደ ዳንቴል የተዘረጋ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከዴንማርካዊው የውሃ ተክል አምራች ከሆልገር ዊንዴሎቭ ነው። ዊንዴሎቭ ሲያዩት ያምራል፤ ነገር ግን በተበጣጠሰው ጫፉ ላይ ብናኝ ቆሻሻና አልጌ ስለሚሰበሰብ ከተራው ይልቅ ጽዳት ይፈልጋል። ሽሪምፕ ያለው ሰው ግን ይህንኑ እንደ ጥቅም ያየዋል፤ ሽሪምፖቹ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ጫፍ ላይ እየለቀሙ ይውላሉ።

ጉድለቱ አንድ ነው፤ ይዘገያል። አዲስ ገንዳ ውስጥ አንድ ጃቫ ፈርን ብቻውን አስቀምጦ ውሃውን ያጸዳልኛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ቦልቢቲስ፣ የአፍሪካው የውሃ ፈርን

ቦልቢቲስ ሂውዴሎቲ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ በደቡብም እስከ ሰሜናዊ ደቡብ አፍሪካ ባለው ሰፊ ክልል የሚገኝ ተክል ነው። የሚያድገው በፍጥነት በሚፈስ ወንዝ ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ነው። ይህንን ያወቀ ሰው እንክብካቤውን በግማሽ አውቆታል። ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ቅጠሎቹን ቀስ አድርጎ የሚያወዛውዝበት ቦታ ላይ ሲያርፍ ያምርበታል፤ ውሃው በተኛበት ጥግ ሲቀመጥ ደግሞ ቅጠሉ አቧራ የለበሰ ይመስላል፣ እድገቱም ይቆማል።

ከውበት አንጻር ከፈርኖቹ ሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው። ቅጠሎቹ የተሰነጣጠቁ፣ ጥቁር አረንጓዴና ብርሃን ሲያልፍባቸው እንደ ቀጭን መስታወት የሚያስተላልፉ ናቸው። ቁመቱ ከ15 እስከ 40 ሴንቲሜትር ስለሚደርስና ወደ ጎንም ስለሚሰፋ ቢያንስ ከ80 እስከ 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ቢኖር ይመረጣል። ለስላሳና በመጠኑ አሲዳማ ውሃ ይወዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባይጨመርለትም ይኖራል፤ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ግን ጊዜ ይወስዳል። አንዴ ቦታውን ካወቀው በኋላ አያንቀሳቅሱት፤ በተነቀለ ቁጥር ከመጀመሪያው እንደሚጀምር ሆኖ ይቆማል።

እንግዲህ «ቀላል» ነው ወይስ አይደለም? እኔ ለጀማሪ የመጀመሪያ ተክል አድርጌ አልመክረውም። ጃቫ ፈርን አንድ ዓመት ካቆየ ሰው ግን ሊነፈገው አይገባም። አተካከሉ ያው ነው፤ ክር ወይም ማጣበቂያ፣ ራይዞሙ ከጠጠር በላይ።

ሴራቶፕቴሪስ

በንግድ ስሙ ዋተር ስፕራይት ወይም የሕንድ ፈርን ይባላል። ሁለት ዝርያዎች ገበያ ላይ በብዛት ይገኛሉ፦ ቅጠሉ በጣም የተበጣጠሰው ሴራቶፕቴሪስ ታሊክትሮይደስና ቅጠሉ ሰፋ ያለው ሴራቶፕቴሪስ ኮርኑታ። የመጀመሪያው በሐሩር አካባቢዎች ሁሉ ይገኛል ሊባል ይችላል። ቅጠሉ ለስላሳ፣ ደማቅ አረንጓዴ፣ በጣት ሲያዙት የሚሰበር ነው።

ይህ ፈርን ከላይኞቹ ሁለት ጋር በምንም አይመሳሰልም። ፈጣን ነው። የቅርብ ዘመዱ ሴራቶፕቴሪስ ሪቻርዲ ከስፖር ተነስቶ እንደገና ስፖር እስኪሰጥ ከ120 ቀናት ያነሰ ጊዜ ስለሚበቃው የዘረመል ትምህርት ቤተ ሙከራዎች ይጠቀሙበታል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ችኩል ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ አሞኒያና ናይትሬት በሚለዋወጥበት ወቅት ከእሱ የተሻለ ረዳት አላውቅም። አልጌ ከመንሰራፋቱ በፊት ምግቡን ይሻማል።

ሲተከል ሥሩ ብቻ ይቀበር፤ ቅጠሎቹ የሚነሱበት እንብርት ከጠጠሩ በላይ ይሁን። ሲንሳፈፍ ደግሞ ረጃጅም ፀጉራም ሥሮች ወደታች ይለቃል፤ ከዚያ ውስጥ የዓሣ ጫጩቶች ይደበቃሉ። ኮርኑታ ለማንሳፈፍ የተሻለው ነው፤ የአረፋ ጎጆ የሚሠሩ እንደ ቤታና ጉራሚ ያሉ ዓሣዎች ቅጠሉን እንደ ጣሪያ ይጠቀሙበታል። አሮጌ ቅጠሎች ልጆቻቸውን በጠርዛቸው ካበቀሉ በኋላ ይጠወልጋሉ፤ ይህ የተክሉ ተፈጥሮ ስለሆነ ልጆቹን ይልቀሙና እናቲቱን ያስወግዱ።

ድክመቶቹን መደበቅ አይገባም። ጎልድፊሽ እንደ ሰላጣ ይበላዋል፤ አንዳንድ ቀንድ አውጣዎችም አይምሩትም። በደካማ ብርሃን ይቀጥናል። ካልተከረከመ ውሃውን ሸፍኖ ከሥሩ ያሉትን ተክሎች ያጨልማል። በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ለመቀስ መስጠት የማይችል ሰው ቢተወው ይሻለዋል።

ማርሲሊያ

መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሚያለብስ ፈርን የሚፈልግ ካለ ይኸው ነው። ከውሃ ውጭ ሲያድግ አራት ክንፍ ያለው ቅጠል ስላለው የዕድል ሣር ይመስላል፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ብዙውን ጊዜ አንድ ክብ ቅጠል ብቻ ያወጣል። ገዝተው አራት ክንፉ ቢጠፋ አይዘኑ፤ ተለምዷል ማለት ነው። ለተክል የተዘጋጀ አፈር ወይም ጥሩ አሸዋ ከማዳበሪያ ጋር ይፈልጋል። በመካከለኛ ብርሃን ይኖራል፤ ወለሉን ለመሸፈን ግን ወራት ይወስድበታል። በትናንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ አራርቆ መትከል ያፋጥነዋል።

ሳልቪኒያና አዞላ

እነዚህም ፈርን ናቸው፤ ይህን ሲሰማ የሚገረም ብዙ ነው። ሳልቪኒያ በላዩ ላይ ውሃ የማያስጠጉ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉት። አዞላ ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዝ ባክቴሪያ አስጠግቶ ይኖራል፤ በቬትናምና በቻይና የሩዝ ማሳ ማዳበሪያ ሆኖ ያገለገለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም ተከላ አይፈልጉም፤ ውሃው ላይ መጣል ብቻ ነው።

ነገር ግን ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቁ እነሱ ናቸው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ሳልቪኒያ ሞለስታ በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ ያለው የካሪባ ግድብ ውሃ መያዝ ከጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ሐይቁን በሰፊው ሸፍኖት ነበር። በብዙ አገሮች ወራሪ አረም ተብሎ ተመዝግቧል። የተረፈዎትን ተንሳፋፊ ፈርን ወደ ወንዝ፣ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ፍሳሽ ቦይ በፍጹም አይጣሉ። ፀሐይ ላይ አድርቀው ያስወግዱት። ለሴራቶፕቴሪስም ደንቡ ይኸው ነው።

የውሃ ተክል ያልሆኑት

መደርደሪያው ላይ ውሃ ውስጥ ተነክረው የሚሸጡ፣ ግን የየብስ የሆኑ «ፈርኖች» አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሴላጂኔላ ነው፤ ትክክለኛ ፈርን እንኳን አይደለም። ጃንጥላ የሚመስል፣ ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ስላለው ዓይን ይስባል። ሌላው «አኳ ፈርን» እየተባለ የሚሸጠው ትራይኮማኔስ ነው፤ ቅጠሉ ደረቅና ጠንካራ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። እነዚህ ጥቂት ሳምንታት እንደ ተክል ቆመው ከዚያ ውሃውን እያበላሹ ይሞታሉ። ከእርጥብ የመስታወት አትክልት ቦታ ውጭ አይጠቅሙም። ሻጩን «ይህ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይኖራል?» ብለው ይጠይቁ፤ ቅጠሉ ከውሃው ሲወጣ እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነም ይጠራጠሩ።

ንጽጽሩ በሰንጠረዥ

| ተክሉ | የሚያርፍበት | እድገቱ | ብርሃን | ቁመት (ሴ.ሜ.) | ቅጠል ከሚበሉ ዓሣዎች ጋር | የሚጠይቀው ሥራ | የመግዣ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ጃቫ ፈርን (ተራው) | ድንጋይ፣ እንጨት | ዘገምተኛ | ደካማ ይበቃዋል | 15–30 | ይቋቋማል | በጣም ጥቂት | ዝቅተኛ |
| ዊንዴሎቭ፣ ትራይደንት፣ ናሮው | ድንጋይ፣ እንጨት | ዘገምተኛ | ከደካማ እስከ መካከለኛ | 10–30 | ይቋቋማል | ጥቂት፤ ዊንዴሎቭ ጽዳት ይፈልጋል | መካከለኛ |
| ቦልቢቲስ | ድንጋይ፣ እንጨት፤ የሚንቀሳቀስ ውሃ | በጣም ዘገምተኛ | ከደካማ እስከ መካከለኛ | 15–40 | በአብዛኛው ይቋቋማል | ጥቂት፤ ቦታው መመረጥ አለበት | ከፍ ያለ |
| ሴራቶፕቴሪስ | ጠጠር ወይም ተንሳፋፊ | በጣም ፈጣን | መካከለኛ | 15–50 | ይበላል | በየሳምንቱ መከርከም | ዝቅተኛ |
| ማርሲሊያ | አፈር፣ አሸዋ | ዘገምተኛ | መካከለኛ | 3–10 | ይነቀላል | በመጀመሪያ ብዙ፣ በኋላ ጥቂት | መካከለኛ |
| ሳልቪኒያ፣ አዞላ | የውሃው ፊት | በጣም ፈጣን | ከመካከለኛ እስከ ብርቱ | ተንሳፋፊ | ይበላል | በየሳምንቱ ማውጣት | በጣም ዝቅተኛ |

ሙቀትን በሰንጠረዡ ያላስገባሁት ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ባለው የተለመደ የአኳሪየም ውሃ ሁሉም ስለሚስማሙ ነው።

ለማን የትኛው?

ገንዳዎ አዲስ ከሆነ በአንድ ተክል አይወሰኑ። ጃቫ ፈርኑን ድንጋይ ላይ አጣብቀው ያስቀምጡ፣ ከላዩ ሴራቶፕቴሪስ ያንሳፍፉ። ፈጣኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት ውሃውን ይጠብቃል፣ ለዘገምተኛውም ጥላ ይሆነዋል። ውሃው ሲረጋጋ ሴራቶፕቴሪሱን እየቀነሱ ይሄዳሉ። ብዙ ጀማሪዎች በአልጌ ተማረው ገንዳቸውን የሚዘጉት ዘገምተኛ ተክል ብቻ ይዘው በብርቱ መብራት ስለሚጀምሩ ነው፤ ይህ ጥምረት ያንን ያስቀራል።

ጎልድፊሽ ወይም ትልልቅ ሲክሊድ ላለው ሰው ምርጫው አንድ ነው፤ ተራው ጃቫ ፈርን፣ ያውም ዓሣው በማይገለብጠው ከባድ ድንጋይ ላይ በማጣበቂያ የተያዘ። በክር ብቻ የታሰረውን እየጎተቱ ይነቅሉታል።

ከ20 እስከ 40 ሊትር ለሚይዝ ትንሽ ገንዳ ትራይደንት ይመጥናል። ሽሪምፕ ካለ ዊንዴሎቭ ይታከልበት። ቦልቢቲስ እዚያ ውስጥ ከአንድ ዓመት በኋላ ቦታ ይጠበዋል።

ቤታ ወይም ጉራሚ የሚያረባ፣ ጫጩት የሚያሳድግ ሰው ኮርኑታን ያንሳፍፍ። ሥራው የሚያስጉዘው፣ ለሳምንታት ገንዳውን የማያይ ሰው ደግሞ ከሴራቶፕቴሪስና ከሳልቪኒያ ይራቅ፤ ተመልሶ ሲመጣ ጨለማ ገንዳ ይጠብቀዋል።

ጥሩ ማጣሪያ፣ ሰፊ ገንዳና ትዕግሥት ላለው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ለመጨመር ለሚያስብ፣ ቦልቢቲስ በመካከል ቢቆም ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም።

ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው ምን ያድርግ? በቅርጫት ተጠቅልሎ ከሚሸጠው ቆንጆ ተክል ይልቅ ረጅም ራይዞም ያለውን ተራ ጃቫ ፈርን ይፈልግ፤ ቅጠሉ ቢጎዳም ችግር የለውም። ስለታም ምላጭ ወስዶ እያንዳንዱ ቁራጭ ሦስት አራት ቅጠል እንዲኖረው አድርጎ ይከፋፍለው። የአሥራ አምስት ሴንቲሜትር ራይዞም ሦስት ወይም አራት ተክል ይወጣዋል። ማዳበሪያ ወዲያው መግዛት የለበትም፤ በቂ ዓሣ ባለበት ገንዳ የዓሣው ቆሻሻ አብዛኛውን ፍላጎት ይሸፍናል፣ የፖታሲየም እጥረት ምልክት ሲታይ ብቻ ይጨምር።

ሲገዙ የሚታይ

ተክሉን አገላብጠው ራይዞሙን ይዩ። አረንጓዴ ወይም ቡናማ አረንጓዴ ሆኖ ሲጫኑት የማይረግብ ከሆነ ቅጠሉ ቢበላሽም ይግዙት፤ ቅጠሉ አምሮ ራይዞሙ ከለሰለሰ ይተዉት። በቅርጫት የመጣውን የጥጥ መሰል ማሸጊያ ሙሉ በሙሉ ያስወግዱ፤ ራይዞሙ እዚያ ውስጥ ታፍኖ ሊሆን ይችላል። በታሸገ ኩባያ ውስጥ በቤተ ሙከራ የተባዙት ከቀንድ አውጣና ከአልጌ ነጻ ናቸው፤ ነገር ግን ጥቃቅን ስለሆኑ በዘገምተኛው ጃቫ ፈርንና በቦልቢቲስ በኩል ረጅም ጥበቃ ይጠይቃሉ።

ከሌላ ገንዳ የመጣ ተክል ከሆነ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው፣ በቅጠሉ ጀርባ የተጣበቀ ጄሊ የመሰለ የቀንድ አውጣ እንቁላል በጥፍር ይፋቁ፤ ከተቻለ ሁለት ሳምንት በተለየ ባልዲ ብርሃን ባለበት ያቆዩት። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ላይ ያስሩትና ቢያንስ ለሁለት ወር አይነካኩት። በአሮጌ ቅጠል ላይ የበቀለች ልጅ ሦስት አራት ቅጠል ካወጣችና ክሮቿ አንድ ሴንቲሜትር ከሞሉ በኋላ በቀስታ ጎተት ሲያደርጓት ራሷ ትለቃለች፤ ያኔ ሌላ ድንጋይ ያዘጋጁላት።